የኦዲል ቱቦና የጎር መንገድ

ኦዲል ታትሮ ደስ ሲላት ትጮኻለች። ስትናደድም ትጮኻለች፤ ልዩነቱን የሚያውቁት ጎረቤቶቿ ብቻ ናቸው። ማክሰኞ ማለዳ የሬጂስ ላባውንቲን የላም በረት በርግዳ ስትገባ ግን ለመለየት ማንንም አላስቸገረችም።

“ሬጂስ! ወረደ! ሁለት ጣት ሙሉ ወረደልህ!”

ስልሳ ላሞች እኩል አንገታቸውን አዞሩ። ሬጂስ የማለቢያውን ማሽን ጎማ እንደያዘ ከአንዷ ላም ጎን ብቅ አለ።

“አክስቴ፣ በናትሽ ቀስ በይ! ደንግጠው ወተት ይከለክሉኛል።”

“ይከልክሉህ! ዛሬ የከለከሉህን ነገ ይሰጡሃል። ና ውጣና እይ!”

“እያለብኩ እኮ ነው።”

“አንተ አልበህ እስክትጨርስ ልጠብቅ? ልቤ ይፈነዳል!”

ሬጂስ የሥጋ ዘመዷ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ቀን የትምህርት ቤት አውቶብስ አምልጦት መንገድ ዳር ሲያለቅስ አገኘችውና፣ በምትነዳው የመንገድ መደልደያ ግሬደር ላይ አጠገቧ አስቀምጣ፣ መብራቱን እያብለጨለጨች ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ድረስ ወሰደችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ “አክስቴ” ነው የሚላት። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፤ እሷ ግን ዛሬም እንደዚያ ልጅ ነው የምታዘው።

ወረደ የተባለው የኩሬዋ ውኃ ነው። በኦዲል ቤትና በሬጂስ እርሻ መካከል የጎር መንገድ የሚባል የጠጠር መንገድ አለ፤ ወደ ሬጂስ የሚያስገባውም የሚያስወጣውም እሱ ብቻ ነው። ኩሬው መንገዱን ተደግፎ ተኝቷል። ባለፈው ዓመት ቢቨር የሚባሉት፣ እንጨት በጥርሳቸው ቆርጠው ውኃ የሚገድቡ እንስሳት አንድ ቤተሰብ ሆነው መጡና የኩሬውን መውጫ በግንድ፣ በቅርንጫፍና በጭቃ ገደቡት። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማቸው! በየሌሊቱ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት እያሉ፣ ዘንድሮ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ውኃውን ከመንገዱ ጋር አስተካከሉት። የወተት ቦቴ በየሁለት ቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ሬጂስ ይመጣል። የሬጂስ ማቀዝቀዣ ታንክ የሚይዘው የሁለት ቀን ወተት ነው። ቦቴው አንድ ቀን ከቀረ ወተቱ ይደፋል፤ የስልሳ ላም ወተት በቦይ ሲሄድ ቆሞ ማየት ደግሞ ለጠላትም አይመኙት።

እሑድ ዕለት የመንደሩ ምክር ቤት ተሰብስቦ ቁርጡን ተናገረ። ሊቀመንበሩ ኦርቪል ፔክ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ “ሐሙስ ወተቱ ከወጣ እሰየው። ካልወጣ የመቆፈሪያ እስካቫተር ግድቡን ይበረግደዋል፣ ቢቨሮቹንም አጥማጁ በወጥመድ ይለቅማቸዋል። ኩሬውም ያኔ ረግረግ ይሆናል። አዝናለሁ ኦዲል” አላት።

“አትዘን። እስከ ሐሙስ አወርደዋለሁ!” አለች ኦዲል፣ ወንበሯን ገልብጣ እየተነሣች።

አዳራሹ ሳቀ። ሰውን እንደዚያ ያሳቀው ንቀት አልነበረም፤ ኦዲልን ከቢቨር ጋር የማያውቃት ሰው ስለሌለ ነው። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ አንዱን የመንደሩን መንገድ ስትጠግን ኖራለች። መጀመሪያ ግሬደር ላይ ስትወጣ “ደግሞ ሴት ግሬደር ትነዳለች?” ያሉትን ሰዎች መልስ አልሰጠቻቸውም፤ የየደጃፋቸውን መንገድ እንደ ጠረጴዛ ደልድላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ከጎርፍም፣ ከበረዶም፣ ከጭቃም ጋር ታግላ አሸንፋለች። ያላሸነፈችው ቢቨርን ብቻ ነው። አንድ ዓመት፣ መንገድ የሚያጥለቀልቅ አንድ ግድብ አሥራ አራት ጊዜ አፈረሰች፤ አሥራ አራት ጊዜ በማግስቱ ተሠርቶ አገኘችው። በአሥራ አምስተኛው ጠዋት ዶማዋን ጥላ ግድቡ ላይ ቁጭ አለችና በሳቅ ፈረሰች። “እኔ ደመወዝ ይከፈለኛል፣ እናንተ በነፃ ነው የምትሠሩት። እንዴት አድርጌ ልቻላችሁ?” አለቻቸው።

እዚያ ቁጭ ብላ ነው ነገሩ የገባት። ቢቨር ግድቡን የሚጠግነው በዓይኑ አይቶ አይደለም። ውኃ ሲንሿሿ ሲሰማ ነው ደሙ የሚፈላው። ድምፁ ወደመጣበት ይሄዳል፣ ጭቃውን በእጁ አቅፎ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ይደፍናል። እንግዲያው ውኃውን ሳይሰሙ ከሥራቸው መውሰድ የቻለ ሰው አሸነፈ ማለት ነው።

ይህን ያወቀችው ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ሲቀራት ነበር። ጡረታ በወጣችበት ዓመት ደግሞ ባሏ ሉሲየን ሞተ። ከዚያ በኋላ ለሰባት ወር ያቺ ጩኸታም ሴትዮ ድምፅዋ ጠፋ። ወጥ ቤት መስኮቷ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ ሬጂስ ወተት ሲያመጣላት “አስቀምጠው” ብቻ ነበር የምትለው። አንድ ማለዳ በረዶው ቀልጦ ሳያልቅ ኩሬው ላይ አንድ ቡናማ ጭንቅላት ውኃውን ሁለት ቦታ እየሰነጠቀ ሲሄድ አየች። ከኋላው ሌላ መጣ። ኦዲል በሌሊት ልብሷ፣ በሉሲየን ቦት ጫማ ወጥታ ሮጠች። አንደኛው ቢቨር ሲያያት በሰፊ ጅራቱ ውኃውን በጥፊ መታና ጠለቀ። “ኧረ አንተ ባለጌ! በገዛ ኩሬዬ!” ብላ ጮኸች። ሬጂስ ድምፅዋን ከበረቱ ሆኖ ሰማና ቆሞ አለቀሰ፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

ስለዚህ ግድቡ ይፍረስ ሲባል ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ከሬጂስ በቀር ማንም አልገባውም። ኩሬው ከሄደ የሚጠብቃት ያ ወንበር ነው። ሬጂስ ደግሞ በሁለት በኩል ተያዘ፤ የሚደፋው ወተት የሱ ነው።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ አብረው ሠሩ። ሰው ሊገባበት ጥቂት የሚቀረው፣ አርባ ጫማ ርዝመት ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ በታንኳ እየጎተቱ ወደ ኩሬው መሐል ወሰዱ። አፉ ላይ ክብ የሽቦ አጥር አሰሩ፤ ቢቨር ሊደፍነው ቢመጣ ሽቦው ጋ ይቆማል፤ ውኃው ከጥልቁ ስለሚገባም አይሰማውም። ብሎኬት አስረው አሰመጡት። ሌላውን ጫፍ ግድቡን በጥቂቱ ሸንቁረው በወዲያኛው በኩል አወጡት። ኦዲል እስከ ደረቷ በሚደርስ የጎማ ሱሪ ውኃው ውስጥ ቆማ “ግፋ! ሳብ! ኧረ እንደ ሰው ሳብ!” እያለች ቀኑን ሙሉ ሬጂስን አደነቆረችው። ሊመሽ ሲል ቱቦው አንዴ ተንቋረረ፣ አየር አገሳ፣ ቀጥሎ ውኃው ፏ ብሎ ወረደ። ኦዲል ሬጂስን አንገቱን አንቃ ጉንጩን ሳመችው፤ ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ነበሩ።

አሁን እዚህ ላይ ነው ስሕተቷ፤ ለኦዲል የማዝነውም የምስቀውም እዚሁ ላይ ነው። የቱቦውን መውጫ ጫፍ ከግድቡ ጀርባ ከፍ አድርጋ ነበር የሰቀለችው። ውኃው ከወገብ ከፍታ እየተወረወረ ድንጋዩ ላይ ይፈርጣል።

“አክስቴ፣ ይሄ ድምፁ አይጠራቸውም?” አላት ሬጂስ።

“ከግድቡ ጀርባ እኮ ነው! እነሱ ኩሬው ውስጥ ናቸው፣ ማን ይሰማዋል?”

“ለምን ዝቅ አናደርገውም?”

“ኦርቪል ፔክ መጥቶ ይስማዋ!” አለች።

ኦርቪልም መጣ፤ መንደሩም መጣ። ረቡዕ ጠዋት ውኃው ሦስት ጣት ወርዶ የመንገዱ ዳር ሲታይ፣ ግማሹ መንደር ዶናቱን በካርቶን ይዞ ግድቡ ሥር ተሰለፈ። ኦዲል ቱቦው አጠገብ ቆማ፣ ሙሽራ እንደሚያሳይ ሰው ፈገግታዋ ጆሮዋ ድረስ ደርሶ ነበር።

“ይሄማ ፏፏቴ ነው!” አለ ኦርቪል፤ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

“ስማው! ስማው እንጂ! ይህ ሁሉ ከመንገድህ ላይ የሚሄድ ውኃ ነው!” ኦዲል ጎኑን በክርኗ ጎሸመችው። “ሐሙስ እስካቫተርህን ቤትህ አስቀምጠህ፣ ሚስትህን ይዘህ ለሽርሽር ትመጣለህ።”

ሰው አጨበጨበ። እሷም እጅ ነሣች። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያ ቱቦ ሲያገሳ፣ ኦዲል ከእሱ እኩል ስታገሳ ዋለች። ማታ ዶፍ ዝናብ ጣለ። እሷ ግን እየዘፈነች ተኛች።

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱን ስትከፍት ፀጥ ብሏል። ፏፏቴው የለም። ጎማ ሱሪዋን ግማሽ ለብሳ ግማሹን እየጎተተች ወረደች። መንገዱ የለም። በመንገዱ ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ ውኃ ተኝቷል፤ ጥልቀቱን በእጇ ለካች፤ አራት ጣት። ግድቡን ዞራ ብታይ፣ የቱቦው መውጫ ከእነ ስሙ ጠፍቷል። ቢቨሮቹ በጀርባ በኩል ወርደው፣ ከድንጋዩ ላይ እስከ ቱቦው አናት ድረስ በእንጨትና በጭቃ ክምር ቀብረውታል። ጭቃው ላይ የጣቶቻቸው ምልክት ገና እርጥብ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ጩኸት ጠርታቸው ኖሯል! ጥፋቱ የራሷ ነው፤ የማንም አይደለም። ኦዲል ያንን ጭቃ አይታ መጀመሪያ ለቅሶ ቃጣት፤ ቀጥሎ ግን የሥራውን ጥራት አየችና “እናንተ ሰይጣኖች! እናንተ መሐንዲሶች!” ብላ ጮኸች።

ሬጂስ ላሞቹን ጥሎ መጣ። ውኃውን አየ፣ እሷን አየ።

“ውኃውን ደብቆ ነው መውሰድ” አለችው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። “ከመግቢያው ብቻ አይደለም፣ ከመውጫውም። የተረፈው ሃያ ጫማ ቱቦ በረትህ ኋላ አለ አይደል? ከዚህኛው ጋር እንቀጥለውና፣ መሬት ለመሬት አስተኝተን፣ ያ ከግድቡ በታች ያለው ውኃ የሞላው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አፉን እናሰምጠዋለን። ውኃ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ድምፅ የለውም።”

“አክስቴ፣ ታንኩ ሞልቷል። ከእንግዲህ የማልበው የሚገባበት የለውም።”

“አውቃለሁ።”

“ካልወጣ እደፋለሁ።”

“አውቃለሁ አልኩህ! ቱቦውን ታመጣለህ ወይስ ልሂድ?”

ሬጂስ ሮጠ። በዶማ፣ በእጅ፣ በጥፍር ጭምር ክምሩን ናዱት። ከረጅሙ ቱቦ ጋር አጭሩን አጋጠሙ፣ በብሎን አሰሩ፣ ጫፉን ጎትተው ከታች ባለው ጉድጓድ ውስጥ አሰመጡት። ሲጨርሱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ቱቦው ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ ውስጡ ሲርገበገብ ተሰማት። “እየሄደ ነው! ሬጂስ፣ እየሄደ ነው!”

ያን ጊዜ ነው የእስካቫተሩ ድምፅ የተሰማው፤ የመንደሩም ሰው ተከትሎት መጣ። ኦርቪል ከጭነት መኪናው ወረደና ግድቡን ዞሮ አየ። ፏፏቴ የለም፣ ጩኸት የለም፤ የተኛ ቱቦና ሁለት በጭቃ የተለሰኑ ሰዎች ብቻ።

“ውኃውስ የታል?” አለ።

“አይታይም! እንዳይታይ ነው እኮ! እንዳይሰማ ነው!”

“ኦዲል፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።”

“ክፉ ነህ አላልኩም። ቸኩለሃል ነው የምልህ።”

“በእውነት ንገሪኝ። እስከ አራት ሰዓት መንገዱ ይደርቃል?”

ኦዲል ኩሬውን ዞራ አየች። ልትዋሽ አፏን ከፈተችና ተወችው። “አይደርቅም። ሁለት ቀን ይፈልጋል።”

ኦርቪል በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። እስካቫተሩ ወደ ግድቡ ዞረ። በዚህ መሐል የወተት ቦቴው መጥቶ መንገዱ መግቢያ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ዱዌን ወርዶ ውኃው ዳር ቆመ፤ ጓንት ያጠለቀ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተመለከተ።

“ይሄ መንገድ ነው ባሕር?”

“መንገድ ነው!” አለች ኦዲል ወደሱ እየተራመደች።

“የቱ ጋ?”

“አራት ጣት ውኃ ብቻ ነው ያለበት። ትገባለህ።”

“እመቤቴ፣ አራት ጣት አይደለም የሚያስፈራኝ። ዳሩ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አላይም። በግራም በቀኝም ቦይ አለ። ሲመለስ ሙሉ ወተት ነው፤ አንድ ጎማዬ ሸተት ካለ ቦቴው ኩሬ ውስጥ ነው የሚተኛው።”

ኦዲል ሾፌሩን አየችው፤ ከዚያ ውኃውን አየችው። በዚያ ውኃ ሥር ያለው ጠጠር የማን እንደሆነ ድንገት ትዝ አላት። ሠላሳ አንድ ዓመት!

“ዳሩን እኔ አውቀዋለሁ” አለች። “እኔ የምረግጠውን ርገጥ።”

“አክስቴ፣ ተይ” አለ ሬጂስ።

እሷ ግን ገብታለች። ቡናማው ውኃ ውስጥ ምንም አይታያትም፤ በእግሯ ነው የምታየው። እዚህ ላይ መሐሉ ጎበጥ ይላል፤ እዚህ ትንሽ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ የድሮ የድንጋይ አጥር ስለነበረ ነው። መሐል ላይ ከመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሻግር ሌላ ቱቦ ተቀብሯል፤ በላዩ ያለው ጠጠር ውኃ ሲጠጣ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። የግራው ዳር ግን ብረት ነው፤ በትልቁ ጎርፍ ዓመት ሦስት ሳምንት ድንጋይ ስትሞላበት የከረመችው እሷ ናት። እጇን አነሣች፣ ዱዌን ተከተለ። ቦቴው ባዶውን እያንቋቋ፣ ውኃውን በሁለት ወገን እየገፋ፣ ከኋላዋ ኤሊ በሚመስል እርምጃ መጣ። ተሻገሩ! ከወዲህ ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ፤ እስካቫተሩም ቆመ።

ግን እሱ ቀላሉ ነበር። ወተቱ እስኪቀዳ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ኦዲል በሙሉ እርጥብ ሆና ከንፈሯ በብርድ እየጠቆረ ጠበቀች። ቦቴው ሙሉውን ጭኖ ሲመለስ ጎማዎቹ ገና ደረቁ ላይ ሳሉ መሬቱን ይጫኑት ነበር። እንደገና ከፊት ገባች። የተቀበረው ቱቦ ጋ ስትደርስ እግሯ ሰመጠ፤ መሬቱ ለስልሷል። ዞር ብላ ለዱዌን፣ በመልሱ ጉዞ ቀኝ ወደሆነው የድንጋይ ዳር እጇን ዘረጋች። ዱዌን ራሱን ነቀነቀ፤ በቀኝ በኩል ቦይ ነው ማለቱ ነው። እሷ ራሷ ወደዚያው ሄደች፤ የድንጋዩ ጫፍ ላይ፣ ቦዩ ከተረከዟ አንድ ጫማ ርቆ፣ ቆመች። እዚህ ድረስ፣ አለችው በእጇ። እዚህ ድረስ ና።

መጣ። ከኋላ ያሉት ጎማዎች ለሰስ ባለው ላይ አንዴ ተንሸራተቱ፤ የቦቴው ቂጥ ወደ ኩሬው ዞር አለ። ሬጂስ ፊቱን ሸፈነ። ኦዲል አልጮኸችም። እጇን እንደዘረጋች ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ሄደች፤ ዱዌን ዓይኑን ከእጇ ላይ ሳይነቅል ተከተላት። ጎማው ድንጋዩን አገኘ። ቦቴው አንዴ ተንገጫገጨና ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ውኃው ጎማውን እየለቀቀ፣ እየለቀቀ፣ ደረቁ ጠጠር ላይ ወጣ።

አዳራሽ ውስጥ የሳቁባት ሰዎች አሁን ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጥተው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ኦዲል መንገድ ዳር ተቀመጠች።

ኦርቪል መጥቶ ከፊቷ ቆመ። “እንግዲህ ያልነው ወተቱ እንዲወጣ ነው። ወጥቷል” አለ። ለእስካቫተሩ ነጂ ምልክት ሰጠው፤ ነጂው እስካቫተሩን መልሶ ጭነት መኪናው ላይ መጫን ጀመረ። “ግን ቅዳሜ ቦቴው ተመልሶ ይመጣል፣ ኦዲል። ውኃው ካልወረደስ?”

“ይወርዳል።”

“ካልወረደስ ነው የምልሽ?”

“ካልወረደ ከፊቱ እሄዳለሁ። ሰኞም ካልወረደ ሰኞም እሄዳለሁ” አለች። ቀጥላ ቀስ ባለ ድምፅ፣ “ወደዚያ ወንበር አልመለስም፣ ኦርቪል” አለች። ኦርቪል የትኛው ወንበር እንደሆነ አላወቀም። ሬጂስ ግን አወቀ፤ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት።

ቅዳሜ ከአራት ሰዓት በፊት ኦዲል ጎማ ሱሪዋን ለብሳ መንገዱ አፍ ላይ ቆማ ነበር። ውኃው ከመንገዱ አምስት ጣት ወርዷል፤ ጠጠሩ ደርቆ አቧራ ሊያነሣ ምንም አልቀረውም፤ ቱቦውም ዝም ብሏል። ቦቴው መጣ። ዱዌን ደረቁ መንገድ ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መስኮቱን አውርዶ፣ እጁን ወደ ፊት ዘረጋላት፤ ቅደሚ ማለቱ ነበር።

ኦዲል ጮክ ብላ ሳቀች። ከፊቱ ገባችና፣ መሐሉን መሐሉን እየረገጠች፣ ቦቴውን እስከ ሬጂስ በረት ድረስ መርታ አደረሰችው።